ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ይቆጠሩልን፦ ከማንኪራ ወላጆች የቀረበ አቤቱታ

ከሚኒስቴር እስከ ወረዳ በየደረጃው ላላችሁ የትምህርት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የትምህርት እርከንና የፈተና ደንብ አፈጻጸም በልጆቻችን ላይ ያደረሰውን ጉዳት ስለማሳወቅና መፍትሔ ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

እኛ በዚህ ወረቀት ጀርባ የፈረምን፣ መጻፍ የማንችለውም ጣታችንን በቀለም ነክረን ያተምን፣ በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የማንኪራ ነዋሪዎች ነን። ኑሯችን ከጫካ ቡና፣ ከማርና ከእንሰት ነው። ቀበሌያችን ለእንግዳ አዲስ አይደለም። የቡና መገኛ ነው ሲባል ሰምቶ ከቦንጋ መኪና ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፤ እናት ቡና የምትባለዋን ዛፍ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከቤታችን ሁለት ሦስት ሲኒ ጠጥቶ ይመለሳል። የካፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ ዛፋችን ዕድሜ የጠየቀን ሰው ብዙ ነው፤ ልጆቻችሁ ስንተኛ ክፍል ደረሱ ብሎ የጠየቀን ግን እምብዛም የለም። ሳትጠይቁን ልንነግራችሁ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው።

አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተሰጠን መብት ነው። አንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው፣ መንግሥትም ለትምህርት የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ ላይ ቆመን ስንናገር እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብን እንለምናለን። የማንንም ትምህርት ቤት፣ የማንንም ጽሕፈት ቤት ስም አንጠራም። እዚያ የሚሠሩት አብዛኞቹ የእኛው ወንድሞችና ልጆች ናቸው፤ ችግሩም በእነሱ የጀመረ አይደለም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅልን። ፈተናው ይላላ፣ ኩረጃ ይመለስ፣ ለካፋ ልጅ ነጥብ ይጨመርለት ብለን አልመጣንም። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ መላው ፈተና ሲሰረዝ፣ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረውም ሲጫወት ያመሸውም እኩል ወደ ቤቱ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም መልስ በስልክ ሲዞር የተጎዳው ስልክ የሌለው የገጠር ልጅ ነው። ስለዚህ ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ስልካቸውን ቤት ትተው እንዲፈተኑ መደረጉን ደግፈናል፤ ዛሬም እንደግፋለን። የእኛ ነገር ልጁ ከዚያ አዳራሽ እስኪደርስ ስላለው መንገድ ነው።

መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ከታች ሲታይ ምን እንደሚመስል ግን እንንገራችሁ። በንጉሡና በደርግ ዘመን የተማሩ ታላላቆቻችን ስድስተኛ፣ ስምንተኛ፣ ከዚያም አሥራ ሁለተኛ ላይ ተፈትነው ያለፉ ናቸው፤ የመጨረሻውን እስከ ዛሬ ማትሪክ ይሉታል። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ቀይሮ እስከ ስምንተኛ ያለውን አንደኛ ደረጃ፣ ዘጠነኛና አሥረኛን ሁለተኛ ደረጃ፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛን መሰናዶ አደረገው። አሥረኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና ተተከለ፤ ነጥብ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ይሄድ ነበር። 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የሚባለው አነጋገር ያኔ የመጣ ነው። በየገጠሩ ልጆቻችንን ፊደል ካስቆጠሩት መምህራን ብዙዎቹ በዚያ በር የገቡ ናቸው። ቀጥሎ የትምህርት ፍኖተ ካርታ የሚባል መጣ። የአሥረኛው ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀረ፤ እርከኑም ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ዞረ። አያት የተማረበት ሥርዓት ለልጅ ልጅ ተመለሰ፤ በመካከል ያለው አባት ብቻ የልጁ ክፍል ከእሱ ክፍል ጋር አልገጥም ብሎት ቀረ። አሁን ስድስተኛና ስምንተኛ ላይ የክልል፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ የአገር አቀፍ ፈተና አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለጨረሰውም ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል።

መንግሥት የትምህርትን ሥርዓት ማሻሻል ሥልጣኑም ግዴታውም ነው። ቅር ያሰኘን ለውጡ መንገድ ላይ ያለውን ልጅ አግኝቶ በእሱ ላይ መጀመሩ ነው። በ2012 አሥረኛ ክፍል የነበሩትን አስቡልን። ታላላቆቻቸው የተፈተኑት የአሥረኛ ፈተና ለእነሱ ቀረ። በመጋቢት ኮሮና ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መከፈት የጀመረው በ2013 ጥቅምት ነው። ከተማ ላይ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይማሩ ነበር ሲባል ሰምተናል፤ የእኛዎቹ እንሰት ሲኮተኩቱ፣ ከብት ሲጠብቁ ከረሙ። አሥራ ሁለተኛ ሲደርሱ በኅዳር 2014 ዞናችን ወደ አዲስ ክልል ገብቶ ክልላቸው ተለወጠ፤ ይህን እንኳ በድምፃችን ያመጣነው ነውና ደስ ብሎናል። ፈተናቸው ክረምቱን አልፎ በጥቅምት 2015፣ አይተውት በማያውቁት ግቢ ተሰጠ። ከእነሱ በፊት ማለፊያው በየዓመቱ እንደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቦታ ይወሰን ነበር፤ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተፈታኞችም ዝቅ ይል ነበር። እነሱ ላይ ሲደርስ ግን ከግማሽ በታች ያመጣ በመደበኛው አይገባም ተባለ። ከ896,520 ተፈታኞች ያለፉት 29,909 ናቸው፤ ከመቶ 3.3። በሬድዮ የሰማነው «ተማሪው ምን ያህል ደካማ እንደነበር ተጋለጠ» የሚል ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ከእግሩ ሥር መሬቱ ሲነቃነቅ የነበረን ልጅ ደካማ ማለት፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም በዚሁ ዘመን እርከኗን ቀይራለች። እሷ ግን አዲሱን ከታችኛው ክፍል አስጀምራ፣ በአሮጌው 8-4-4 በሚባለው የጀመሩትን በአሮጌው እያስጨረሰች ነው። የአሮጌው ሥርዓት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በ2027 ያበቃል። እዚያም ቢሆን ቅሬታ አልጠፋም። ቢሆንም የኬንያ ወላጅ ልጁ ትምህርት በገባ ቀን መጨረሻው ላይ በምን እንደሚፈተን ያውቅ ነበር። እኛ ይህን ያህል ብቻ ብናገኝ በቂያችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ2015 ያለፉት 27,267፣ ከመቶ 3.2 ነበሩ። በ2016 ያለፉት 36,409፣ ከመቶ 5.4 ሆኑ። በ2017 ደግሞ 48,929 አልፈው ከመቶ 8.4 ደረሰ። ዕድገት ነው ተብሏል፤ ላለፉት ልጆች እኛም እልል ብለናል። ነገር ግን ከየዓመቱ መግለጫ ላይ ሌላ ቁጥር አንብበናል። በ2014ቱ ፈተና የተፈተኑት 896,520 ነበሩ፤ በ2017 የተፈተኑት 585,882 ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ተፈታኝ ጎድሏል። ምክንያቱ አንድ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ጦርነት ትምህርት ቤት የዘጋበት አገር አለ፤ ያን ለማንሣት እኛ አቅሙም ዕውቀቱም የለንም። ሆኖም ከመቶ ስምንት አለፈ ሲባል መቶ የተባለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። መቶ የተባለው እስከ ፈተናው ቀን የቆየው ብቻ ነው። ዘጠነኛ ገብቶ አሥረኛ ላይ የቀረው፣ አሥራ አንደኛን ጀምሮ የተመለሰው ከላይም ከታችም የለም። አላለፈም አይባልም፤ ወደቀም አይባልም።

የአንዷን እንንገራችሁ። አባቷ ከፈራሚዎቹ አንዱ ነው፤ ስሟ ይቆይ። ስምንተኛን በጥሩ ውጤት አለፈች። ለከፍተኛው ክፍል ከተማ መውረድ ስላለባት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራዩ። አርብ ከሰዓት በእግሯ ትመጣለች፤ እሑድ ቆጮዋን፣ ጎደሬዋን፣ የበቆሎ ዱቄቷን ተሸክማ ትመለሳለች። የእኛ አገር ዝናብ አብዛኛውን የዓመቱን ወራት ይወርዳልና ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፤ ጅረቱ ሲሞላ ሰኞ ጠዋት ክፍሏ አትገኝም። የሰኞው መቅረቷ «ያለፈቃድ» ተብሎ ይጻፋል። አሥረኛ ላይ ግማሽ ዓመት ያህል የፊዚክስ መምህር አልነበራቸውም። ሒሳብ የሚያስተምረው ሰው ደርቦ ማስታወሻ ያጽፋቸው ነበር፤ እሱም ደመወዝ ዘግይቶበት ቤት ኪራይ የሚለምን ሰው ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ገብቶ መጽሐፉ ታትሞ እስኪደርስ በሶፍት ኮፒ ነው የመጣው፤ ሦስቱ ልጆች በአንድ የተሰነጠቀ ስልክ፣ ገጹን በጣት እየለጠጡ፣ ባትሪው ሲያልቅ ሱቅ ከፍለው እያስሞሉ ያነቡ ነበር። ኬሚስትሪው ላይ ያለውን ሥዕል ስልኩ አያሳይም፤ ስለዚህ የአቶሙን ሥዕል የምታውቀው ሰው ስለ እሱ ሲያወራ በሰማችው ልክ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ጥቅምት ላይ የኪራዩ ዋጋ ተጨመረ። ቡና በሚለቀምበት ወቅት መጥታ ጥቂት ሳምንት ሠርታ ልትመለስ ነበር። ስትመለስ የክፍል ፈተናዎቹ አልፈዋል፤ ምዘናው ተከታታይ ነው ስለተባለ ያመለጠው ነጥብ አይመለስም። ከዚያ አልሄደችም። ዛሬ ጎበዝ ለቃሚ ናት፤ ቅርንጫፍ ሳትሰብር ቀዩን ብቻ ትለቅማለች። የስምንተኛ ክፍል ካርዷ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከአባቷ ሣጥን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ዓመት በላይ መማሯን የሚመሰክር የአገር ወረቀት ግን የላትም። ድሮ ቢሆን የአሥረኛ ፈተና ውጤቷን ይዛ ቢያንስ አንድ ኮሌጅ በር ላይ ትቆም ነበር። እንግዲህ በየትኛውም ዓመታዊ መግለጫ ውስጥ እሷን ፈልጋችሁ አታገኟትም።

እንዲህ ዓይነት ልጅ በየጎረቤቱ አለ። ወንዶቹ ደግሞ ሞተር ብስክሌት ይነዳሉ፣ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ለቀን ሥራ ይወጣሉ።

ስለ ቋንቋው ደግሞ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነውና። የእኛ ልጅ አፉን የፈታው በካፊኖኖ ነው። ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል፤ ዘጠነኛ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ቋንቋና ሁለት ፊደል ማወቁ ሀብት ነው፤ ልጆቻችን በዚህ እንዲያፍሩ አንፈልግም። ካፊኖኖ በትምህርት ቤት መሰጠቱንም እንደ ክብራችን እናያለን። ችግሩ ድልድዩ ላይ ነው። ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ የሚሻገርበት ክረምት ባዶ ሆኖ ያልፋል፤ መስከረም ላይ ባዮሎጂን የሚያስተምረው ሰው ልጁ እንግሊዝኛ ያውቃል ብሎ ይጀምራል። አንዱ ልጃችን ለምን ዝም እንደሚል ሲጠየቅ «መልሱን አውቀዋለሁ፤ ጥያቄውን ነው የማላውቀው» አለ። የአሥራ ሁለተኛው ፈተና ፊዚክስን ይመዝናል ቢባልም እኛ ዘንድ ከፊዚክሱ በፊት የሚመዝነው እንግሊዝኛን ነው።

ቡናችን ሲመዘን ያየነውን እናስታውሳችሁ። ናሙናው ለምርመራ ሲሄድ ከመቶ 40ው በጥሬ ዕቃው፣ 60ው በሲኒ ቅምሻው ይሰጣል። ነጥብ ከጎደለም በምን እንደጎደለ ይታወቃል፤ ድንጋይና እንጨት ተቀላቅሎበት ከሆነ፣ ሻግቶ ከሆነ፣ ሳይደርስ ተለቅሞ ከሆነ ይለያል። ስለዚህ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ምን ማስተካከል እንዳለበት ይረዳል። ስለ ትምህርት ቤቶች የሚነገረን ግን የመጨረሻው ቅምሻ ብቻ ነው። በ2015ቱ ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም ተባለ፤ ከፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከመቶ 43 መሆናቸው ነው። በ2016ም ቁጥሩ 1,363 ነበር። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበረ ወይ? መጽሐፉ ለስንት ልጅ ስንት ደረሰ? በዓመት ውስጥ ስንት ክፍለ ጊዜ ባዶ አለፈ? ቤተ ሙከራው ቁልፍ ነው ወይስ ክፍት? ይህ አብሮ ካልተነገረ ዜሮ አሳለፈ የሚለው ቃል የሚያሳፍረው ልጁንና መምህሩን ብቻ ነው። ማፈር የሚገባው ሌላም ሊኖር ይችላል፤ አጣርቶ መለየት የእናንተ ፈንታ ነው።

የእኛን ድርሻ በተመለከተ፣ ወላጅ አልተኛም። ትምህርት ለትውልድ የተባለው ንቅናቄ ሲታወጅ ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ የሌለው እንጨትና ጉልበት አዋጥቷል። ክፍል አድሰናል፣ አጥር አጥረናል፣ ዴስክ አሠርተናል። መምህር ግን በመዋጮ አይሠራም። የፊዚክስ መምህር መመደብ፣ ደመወዙን በወሩ መክፈል፣ መጽሐፍ ማሳተም ከመንግሥት በቀር ማንም አይችልም።

የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያል የሚባለው፣ መጀመሩ መልካም ነው። ግማሽ ያላመጡ ግን የተጠጉ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እየተማሩ ዳግም ይመዘናሉ። ከእኛም የተጠቀመ አለ። ነገር ግን ገንዘቡና መምህሩ እዚያ ላይኛው ደጃፍ ላይ ብቻ ከሚፈስስ፣ ከፊሉ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቢወርድ ይሻል እንደነበር እናምናለን። አሥራ ሁለት ዓመት ሲጎድል የኖረውን በአጭር ጊዜ መሙላት ለልጁም ለመምህሩም ከባድ ነው፤ ደግሞም እዚያ የሚደርሰው ያልቀረው ልጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡራን፣ የምንጠይቃችሁ የሚከተለው ነው። ከሁሉ በፊት፣ ልጆቻችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ይቆጠሩልን። በየዓመቱ ውጤት ሲነገር የተፈተኑትና ያለፉት ብቻ ሳይሆኑ፣ ከአራት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ከተመዘገቡት ስንቱ ፈተናው ላይ እንደደረሱ፣ ሴቱና ወንዱ ተለይቶ፣ ወረዳ በወረዳ ይነገር። መዝገቡ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ አዲስ ጥናት አያስፈልገውም፤ መደመርና ማካፈል ነው። ይህ ቁጥር በአደባባይ ከወጣ ሌላው ጥያቄያችን ራሱ መንገድ ያገኛል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ የማይቆጠር ልጅ ላይ በጀት የሚመድብ የለምና።

የፈተና ዓይነት፣ የማለፊያ ነጥብና የሚፈተኑት የትምህርት ዓይነቶች ልጁ ዘጠነኛ በገባ ቀን ታውቀው እስከ አሥራ ሁለተኛ ይጽኑለት። መለወጥ ካስፈለገ ከሚቀጥለው ዘጠነኛ ክፍል ይጀመር። ፈተናውን በኮምፒዩተር የማድረጉ ነገር እየሰፋ መሆኑን ሰምተናል፤ እሱም ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅን ልጅ በፈተናው ቀን ከአይጥ ጋር እንዳያስተዋውቅ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድሞ መለማመጃው ይድረስ።

አሥረኛን ለጨረሰ ልጅ መማሩን የሚመሰክር፣ በአገሪቱ ሁሉ ተቀባይነት ያለው ወረቀት ይሰጠው። የቀድሞው ፈተና ይመለስ አላልንም። ነገር ግን አሥራ ሁለተኛ ያልደረሰ ልጅ ባዶ እጁን እንዳይቀር፣ በዚያ ወረቀት ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚገባበት በር ይከፈት። እዚህ አገር ደግሞ የሚማረው ሙያ አልጠፋም፤ ቡና ቅምሻ፣ ማር ማጣራት፣ የደን ጥበቃ፣ እንግዳ ማስተናገድ አለ። የቡና መገኛ በሚባል አገር የተወለደ ልጅ የቡናን ደረጃ ማውጣት ለመማር አገር አቋርጦ መሄድ አለበት መባሉ አንዳንዴ ያስቀናል፣ አንዳንዴም ያስቃል።

ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ በሚያሻግረው ክረምት የእንግሊዝኛ ማሸጋገሪያ ትምህርት ይሰጥ፤ የራሳችን ልጆች ከሆኑ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ጋር በበጎ ፈቃድ እንኳ ሊጀመር ይችላል፤ ቤትና ምግቡን እኛ እንችላለን። የትምህርት ዘመኑ ዕቅድ ሲወጣ የቡና ለቀማ ወቅት ይታሰብልን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ተሰጥቶ ከክረምቱ ቢካካስ ማንም አይጎዳም፤ የለቀማው ገንዘብ እኮ የደብተሩና የኪራዩ ገንዘብ ነው። ከሩቅ ለሚመጡ ሴት ልጆች ማደሪያ ይታሰብ፤ ቦታውን መንግሥት ያዘጋጅ እንጂ እንጨቱንና ጉልበቱን ለመስጠት በዚህ ፊርማችን ቃል ገብተናል።

አንድም ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ሲኖር ውጤቱ ከመምህር፣ ከመጽሐፍና ከባዶ ክፍለ ጊዜ ቁጥር ጋር አብሮ ይገለጽ፤ በሚቀጥለው መስከረምም የጎደለው መምህር መጀመሪያ ለእሱ ይመደብ።

የጠየቅነው ሁሉ ባንድ ዓመት ይፈጸማል ብለን አናስብም። የመጀመሪያው ግን፣ ቆጠራው፣ በዚሁ ዓመት ይፈጸማል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በእሱ ላይ ምላሽ በጽሑፍ እንዲሰጠን፣ የማይቻል ከሆነም የማይቻልበት ምክንያት እንዲጻፍልን በትሕትና እናመለክታለን። ምላሽ ካላገኘን ይህንኑ አቤቱታ ይዘን ወደ የበላይ አካል እንቀጥላለን፤ ይህን የምንለው ለማስፈራራት ሳይሆን ሕጉ ያሳየን መንገድ ስለሆነ ነው።

በመጪው መስከረም ከማንኪራ ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች ስም ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል። ቆጠራውን ከእነሱ ጀምሩልን፤ ከአራት ዓመት በኋላም ይህንኑ ዝርዝር ይዛችሁ ስም በስም ጠይቁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አመልካቾች፦ የማንኪራ የተማሪ ወላጆች
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.